ኮረብታው ሥር የቀሩት መድፎች

አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የጉዞ ዝግጅት እጽፍ በነበረበት ጊዜ ነው። የሳምንቱ ርዕሴ ሴንት ኪትስ የምትባለው የካሪቢያን ደሴት ላይ ያለው ብሪምስቶን ሂል ምሽግ ነበር። ቀረጻ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ስክሪፕቱን ለአለቃዬ ሰጠኋቸው።

«እንግሊዞች» ይላል ጽሑፌ፣ «230 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ በ1690 የመጀመሪያዎቹን መድፎች ጠመዱ፤ በመቶ ዓመት ውስጥም ግዙፍ ምሽግ ገነቡ። በ1782 ወደ 8,000 የሚጠጋ የፈረንሳይ ጦር ከበባቸው። ከባድ መድፎቻቸው ኮረብታው ሥር ስለቀሩ ፈረንሳዮቹ አንስተው በገዛ መሣሪያቸው ደበደቧቸው። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ እንግሊዞቹ እጅ ሰጡ።» (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው።)

የጋሼ እስክሪብቶ «ስለቀሩ» ላይ ቆመ።

«ለምን ቀሩ?»

«ዳገት ነዋ ጋሼ። መድፍ ደግሞ ይከብዳል።»

«ያ ሁሉ የምሽግ ድንጋይ ታዲያ እንዴት ወጣ? እነዚህ ሚስተሮች ተሸክመውት ነው?»

ዝም አልኩ። ቴክኒሻኑ በመስታወቱ በኩል የእጅ ሰዓቱን መታ መታ እያደረገ ያሳየኛል።

የሚያናድደው፣ መልሱ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ነበር፤ ደቂቃ ለመቆጠብ ብዬ ነው የዘለልኩት። ምሽጉን የሠሩት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠርበው፣ ከዚያው ኮረብታ ያወጡትን የኖራ ድንጋይ አቃጥለው፣ ያንን ገደል የሚያህል ግንብ ያቆሙት እነሱ ናቸው። መድፎቹንም የሚያወጡት እነሱ ነበሩ። የሸንኮራ እርሻ ጌቶች ግን «ሰው አንሰጥም» አሉ። ቂም ይዘዋል፤ በ1781 የእንግሊዙ አድሚራል ሮድኒ ጎረቤት ደሴት ሲንት ዩስታሽየስን ሲዘርፍ የእነሱንም ዕቃ ጠራርጎ ወስዶባቸው ነበር።

እኔ «እንግሊዞች ገነቡ» ብዬ ሠራተኞቹን ስሰርዝ፣ መድፎቹ ለምን እንደቀሩም አብሮ ተሰርዟል።

ቆሜ ጻፍኩት። ቦታ ስላጠረኝ ምሽጉ በ1999 በዩኔስኮ መመዝገቡን የሚያወራውን አንቀጽ አወጣሁ። እንደዚያም ሆኖ አርባ ሰከንድ አለፍን፤ የመዝጊያው ሙዚቃ ተቆረጠ። ሙዚቃውን የመረጠው ቴክኒሻኑ ስለነበር እስከ ማታ አኩርፎኝ ዋለ።