ማሽኑ በኔትወርክ ተነስቶ «ኔትወርክ የለም» ሲል

ሙያችንን ይዘን የተሰደድን ብዙዎቻችን ሥራ የምንጀምረው ከታች ነው። እኔም ኮምፒውተር ተምሬ መጥቼ መጀመሪያ ያገኘሁት የሌሊት ፈረቃ የኮንትራት ሥራ ነበር፤ አዳዲስ ኮምፒውተሮችን ከካርቶን እያወጡ ዊንዶውስ መጫን። ኬብሉ ይሰካል፣ ማሽኑ በኔትወርክ ይነሳል፣ ቀሪውን ሰርቨሩ ይጨርሰዋል። ዲስኩ እንዴት ይከፈል፣ ቋንቋው ምን ይሁን፣ የሰዓት ቀጠናው የቱ ነው ለሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድሞ የተጻፈ የመልስ ፋይል ስላለ ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቀውም።

የከበደኝ ሥራው ሳይሆን ንግግሩ ነበር። በስልክ ስብሰባ ላይ ችግር ሳስረዳ አረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ሌላ ሰው ይቀማኛል። ቴክኒኩን አውቀዋለሁ፤ ግን ቃላቱን አሰካክቼ እስክናገር ጉዳዩ ተዘግቶ ወደ ሌላ ርዕስ ተሂዷል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ «ኬብሉን አይተሻል?» የሚል ነበር። በዚህ ውስጥ ያለፈ ሰው ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቀዋል።

አንድ ሰሞን አዲስ ሞዴል ዴስክቶፖች በብዛት ገቡ። ማሽኑ ይነሳል፣ ከዲኤችሲፒ (ለማሽኖች የኔትወርክ አድራሻ ከሚያድለው አገልግሎት) አድራሻ ይወስዳል፣ የማስነሻውን ኢሜጅ (ለመነሻ የሚያስፈልገው ሁሉ የታሸገበትን ፋይል) ከሰርቨሩ ያወርዳል፣ ዊንዶውስ ፒኢ የሚባለው ዋናውን ዊንዶውስ ለመጫን የሚያገለግል ትንሽ ዊንዶውስ ይከፈታል። ከዚያ ለኔትወርክ ካርዱ የሚስማማ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያሠራበት ፕሮግራም) በኢሜጁ ውስጥ አልተገኘም የሚል መልእክት ያወጣና ይቆማል። ድራይቨር ጎድሏል ብዬ ሪፖርት አደረግኩ። የበላዮቼ ግን አልተቀበሉትም። «ማሽኑ ኢሜጁን ያወረደው እኮ በዚሁ ካርድ ነው፤ ካርዱ የሚሠራ ከሆነ እንዴት ድራይቨር ጎደለ ይባላል?» አሉ። ሲሰሙት ያሳምናል።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ማሽኑ ገና ሲነሳ ኔትወርኩን የሚጠቀመው በካርዱ ወይም በማዘርቦርዱ ላይ ባለው ፈርምዌር፣ ማለትም ቺፑ ላይ ተጽፎ በሚመጣው ፕሮግራም ነው። ፒኤክስኢ የሚባለው ማሽንን በኔትወርክ የማስነሳት አሠራር፣ ኢንቴል በ1999 ካወጣው 2.1 መግለጫ ጀምሮ እንደምናውቀው፣ ለማስነሻ ፕሮግራሙ አንድ ወጥ መገናኛ ያዘጋጅለታል። ካርዱ የማንም ሥሪት ይሁን ፕሮግራሙ ማወቅ አያስፈልገውም። ዊንዶውስ ፒኢ ሥራውን ሲረከብ ግን ያ መገናኛ ይቀራል፤ ካርዱን በራሱ ድራይቨር እንደ አዲስ መያዝ አለበት። ኢሜጁን ያወረደው አንዱ ነው፣ ከወረደ በኋላ ካርዱን የሚፈልገው ሌላው። ይህን በስልክ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልተሳካም።

በዚያው ሕንፃ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሠሩ ያገሬ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሲያዩኝ ፊቴ ጠቁሯል መሰለኝ ምን ሆንሽ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ስልክ ላይ አትድከሚ። ሎጉን (ማሽኑ የሆነውን የሚመዘግብበትን ፋይል) አውጥተሽ፣ ቁጥሩን አስቀምጠሽ ጻፊላቸው። አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ማንም አያቋርጥሽም» አሉኝ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የሥራ መንገዴ ይኸው ሆነ።

ዊንዶውስ ፒኢ ቆሞ ሳለ ሺፍትና ኤፍ 10 ሲጫኑ የትእዛዝ መስኮቱ ይከፈታል። መጀመሪያ አይፒኮንፊግ፣ የኔትወርክ ካርዶችንና አድራሻቸውን የሚዘረዝረው ትእዛዝ። አንድም ካርድ አልዘረዘረልኝም። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እዩት፤ ብዙ ሌሊት የሚባክነው ይህን ባለመለየት ነውና። ካርዱ ጨርሶ ካልታየ የሚጠረጠረው ድራይቨሩ ነው። ካርዱ ታይቶ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከያዘ ግን ድራይቨሩ አለ፤ መልስ ያልመጣው ከዲኤችሲፒ ነው። ሁለቱም መጫኑን በአንድ ቦታ ያስቆሙታል፤ መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም።

ቀጥሎ ሎጉ። በኤክስ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ሥር ኢንፍ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ሴትአፕ ኤፒአይ ዴቭ የሚባል፣ የድራይቨር ፍለጋና ጭነት የሚመዘገብበት ፋይል አለ። ኤክስ ድራይቭ ያለው ራም ላይ ስለሆነ ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ሎጉም አብሮ ይጠፋል፤ ቀድሞ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው።

ከዚያ የካርዱ መታወቂያ ቁጥር። ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖለት የመጣ አንድ ማሽን ሳይነካ አስቀርቼ ስለነበር በዲቫይስ ማናጀር የካርዱን ዝርዝር ከፍቼ የሃርድዌር መለያውን አነበብኩ። ከመለያው ዋናዎቹ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ቬን የሚለው አምራቹን ይነግራል፤ 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው። ዴቭ የሚለው ደግሞ ቺፑ ራሱ የቱ እንደሆነ ይለያል። አሮጌውን የድራይቨር ኢንፍ ፋይል (ድራይቨሩ የሚያውቃቸው ካርዶች ቁጥር የተዘረዘረበትን) በኖትፓድ ከፍቼ ይህን ቁጥር ፈለግኩት፤ የለም። የካርዱ ስም ከቀድሞው ሞዴል ጋር ቢመሳሰልም ቁጥሩ አዲስ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የሚያዛምደው በቁጥሩ እንጂ በስሙ አይደለም። አዲሱን ድራይቨር አውርጄ ከታሸገበት ፋይል ፈታሁት፤ ኢንፉ ውስጥ ቁጥሩ አለ።

ኢሜጁን ከመንካቴ በፊት ሞከርኩት። ዲአርቪሎድ የሚባለው ትእዛዝ ድራይቨሩን ከፍላሽ ላይ እየሠራ ወዳለው ዊንዶውስ ፒኢ ያስገባል። አስገባሁና አይፒኮንፊግን ደገምኩ፤ ካርዱ ከነአድራሻው መጣ። ይህን ሙከራ አጥብቄ እወደዋለሁ። ኢሜጅ ከፍቶ፣ ጨምሮ፣ ዘግቶ፣ ሰርቨር ላይ መልሶ መጫን ጊዜ ይበላል፤ በዲአርቪሎድ ግን ትክክለኛው ድራይቨር መሆኑ ወዲያውኑ ይታወቃል።

አይፒኮንፊግ በፊትና በኋላ ያሳየውን፣ የሃርድዌር መለያውን፣ አሮጌውና አዲሱ ኢንፍ ውስጥ የተገኘውን ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁ። ጠዋት የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ ኢሜጁን እንዳስተካክል ፈቃድ። ማንም ስለ ኬብል አልጠየቀኝም። በዚያ መሥሪያ ቤት የተናገርኩት ነገር ሳይቆረጥ ዳር የደረሰው ያን ጊዜ ነው፤ ደስታዬን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

ዲስም በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ኢሜጁን ከፍቶ ድራይቨር መጨመር ራሱ ቀላል ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ቡት ዊም የሚባለው የማስነሻ ፋይል ውስጥ ሁለት ኢሜጅ አለ፤ መጫኛው የሚነሳው ከሁለተኛው ስለሆነ አንደኛው ላይ ብቻ ቢጨመር ምንም አይለወጥም። ድራይቨሩም መመረጥ ያለበት ለዊንዶውስ ፒኢው ስሪት እንጂ ለሚጫነው ዊንዶውስ አይደለም፤ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። ፒኢው ባለ 64 ቢት ከሆነ ድራይቨሩም ባለ 64 ቢት መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አንድ ፎቅ ላይ ያሉት ማሽኖች አሁንም እምቢ አሉ። እንደገና አይፒኮንፊግ፤ በዚህኛው ካርዱ አለ፣ አድራሻው በ169.254 ይጀምራል። ስለዚህ ማሽኖቹን ከኔትወርኩ ጋር ወደሚያገናኘው ስዊች ዞርኩ። ድራይቨሩ ሲጫን ካርዱ ለአፍታ ጠፍቶ ይበራል፤ ስዊቹ ደግሞ ፖርቱ እንደገና ሲነሳ በስፓኒንግ ትሪ ደንብ (ኔትወርኩ ውስጥ ዙረት እንዳይፈጠር በሚከላከለው) 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ ነው የሚያሳልፈው። መጫኛው ያን ያህል አልጠበቀም። ትንሽ ቆይቼ አድራሻውን በእጅ እንዲያድስ ሳዘው ወዲያው አገኘ። ይህንንም ጽፌ ለኔትወርክ ክፍሉ ላክሁ፤ ለኮምፒውተር ብቻ የሚያገለግሉት ፖርቶች ላይ ይህን የመጠበቂያ ጊዜ የሚያስቀረውን ፖርትፋስትን አበሩልኝ።

ማሽኖቹ ተጭነው አልቀው ዶሜይን (የመሥሪያ ቤቱ ማሽኖች በአንድ ላይ የሚተዳደሩበት ቡድን) ውስጥ አልገባም ያሉትም ነበሩ። ቡት ዊምና የሚጫነው ዊንዶውስ ያለበት ኢንስቶል ዊም የየራሳቸው ድራይቨር ስለሚፈልጉ ነው፤ ኢንስቶል ዊም ላይም ተጨመረና ተፈታ።

አሁን አዲስ ሞዴል ከመገዛቱ በፊት አንድ ናሙና ቀድሞ ይደርሰኛል፤ የሃርድዌር መለያው ኢንፉ ውስጥ መኖሩን አይቼ ነው ሌላው የሚታዘዘው። የቀረን የኬብል መሰኪያ የሌላቸው ስስ ላፕቶፖች ጉዳይ ነው። አንዱን የዩኤስቢ ኔትወርክ አዳፕተር ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ስናዘዋውር በማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ ራሱ በያዘው መለያ ቁጥር) የሚለይ ሰርቨር ሁሉንም እንደ አንድ ማሽን ይቆጥራቸዋል። የአዳፕተሮቹን ማክ አድራሻ ከመለያነት አውጥተን ማሽኖቹን በየራሳቸው ዩዩአይዲ (ማሽኑ ራሱ በያዘው ልዩ መለያ) እንዲያውቃቸው እያደረግን ነው።