ከሆሜር የረገፈው ቅጠል

ዛሬ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ፣ አራት መጻሕፍት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አንዲት የቅጠል ምሳሌ ከገጣሚ ወደ ገጣሚ ስትሻገር ስከታተል ዋልኩ። በጥንታዊው የግሪክ ገጣሚ በሆሜር «ኢሊያድ» ስድስተኛ መጽሐፍ ግሪካዊው ጦረኛ ዲዮሜዴስ ማንነቱን ሲጠይቀው፣ ባላንጣው ግላውኮስ የሰው ትውልድ እንደ ቅጠል ነው፤ ነፋስ አንዱን ሲያረግፍ ጫካው በጸደይ ሌላውን ያበቅላል ብሎ ይመልስለታል (በጦር ሜዳ መካከል ቆሞ!)። ሮማዊው ቨርጂል ያንኑ ቅጠል ወደ ሙታን ዓለም አውርዶ፣ ወንዙን ለመሻገር በዳርቻው የሚጋፉትን ነፍሳት በመጀመሪያው የመጸው ውርጭ ከሚረግፉ ቅጠሎች ጋር አመሳሰላቸው። ግሪክኛ የማያነበው ጣሊያናዊው ዳንቴ ደግሞ ምሳሌውን ከቨርጂል ተቀብሎ፣ ቅርንጫፉ ልብሱን ሁሉ መሬት ላይ እስኪያይ ድረስ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ያረግፋቸዋል። ለእኔ ከአራቱ የምትልቀው ይህች ናት፤ በቨርጂል ዘንድ በጅምላ የነበረው ሕዝብ እዚህ እያንዳንዱ ነፍስ ለብቻው ሲወድቅ ይታያልና፣ ቅርንጫፉም ዓይን እንዳለው ሁሉ የገዛ ራቁትነቱን ይመለከታል። እንግሊዛዊው ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 በታተመው «የጠፋው ገነት» የወደቁትን መላእክት በጣሊያን አገር በቫሎምብሮሳ ጅረቶች ላይ እንደተነጠፈ የመጸው ቅጠል በእሳቱ ባሕር ላይ አስተኝቷቸዋል። እሱ ጋ ስደርስ ዝናቡ አባርቶ፣ ቡናዬም ቀዝቅዞ ነበር።