ራሱን በራሱ የሚያጠፋው ኮምፒውተር

መምህራን ሮስተር ለማድረስ በሚጣደፉበት የሰኔ ወር ነው። በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖሩ አንድ አንጋፋ የሒሳብ መምህር የቤታቸውን ኮምፒውተር ሲስተም ዩኒት በጋቢ ጠቅልለው እኔ ወደምሠራበት የጥገና ሱቅ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይኼ ዕቃ እኔ ፊቱ ተቀምጬ እያለሁ ድርግም ይላል፤ ያስገባሁትን ውጤት ይበላብኛል» አሉኝ። ከእኔ በፊት ሌላ ቦታ አሳይተውት ነበር። በዚያ ኤሌክትሪኩን ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ደክሟል ተብለው አዲስ አስገጠሙ፤ ችግሩ ባለመቆሙ ደግሞ የመብራቱ መዋዠቅ ነው ተብለው መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ገዙ፤ በመጨረሻም ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ሲባሉ፣ የሁለት ሴሚስተር ውጤት ያለበትን ዕቃ አላስነካም ብለው ተመለሱ። በዚህ እምቢታቸው እስካሁን አመሰግናቸዋለሁ፤ ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ችግሩ በእርግጥ ይጠፋ ነበር፣ ምክንያቱ ግን አብሮ ስለሚጠፋ በሚቀጥለው በዓል ተመልሶ ይመጣ ነበር።

በእኛ አካባቢ ኮምፒውተር ድንገት ሲጠፋ አስቀድሞ የሚጠረጠረው መብራት መሆኑ የሚያስወቅስ አይደለም። ይሁን እንጂ ዊንዶውስ መቼና እንዴት እንደጠፋ ራሱ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ መፍቻ ከማንሳት በፊት መዝገቡን መክፈት ጊዜም ገንዘብም ያተርፋል። ኢቨንት ቪውወር በሚባለው መመልከቻ ውስጥ የሲስተም መዝገብ ሲከፈት፣ ኮምፒውተሩ መብራት ሄዶበት ወይም ፓወር ሰፕላዩ ከድቶት ሳይዘጋጅ ከወደቀ፣ በሚቀጥለው ሲነሣ ቁጥር 41 እና ቁጥር 6008 የሚል ምልክት ይጻፋል። አንድ ፕሮግራም ወይም አንድ ሰው አዝዞት ከጠፋ ግን ቁጥር 1074 ተጽፎ፣ ያዘዘው ፕሮግራም ስምና ትእዛዙ የወጣበት ተጠቃሚ ስም ጭምር ይሰፍራል።

በመምህሩ ኮምፒውተር ላይ 41 አልፎ አልፎ ብቻ ነበር የሚታየው፤ 1074 ግን በተለይ በሰኔ ወር ተደጋግሞ ተሰልፏል። ያዘዘውም ፕሮግራም በእያንዳንዱ መስመር ያው የዊንዶውሱ የራሱ ሹትዳውን የሚባለው ማጥፊያ ነበር። ይህ ማለት ዕቃው አልታመመም፤ እንዲጠፋ ታዝዞ ነው የጠፋው።

«ጋሼ፣ ይህን ኮምፒውተር እርስዎ ብቻ ነዎት የሚነኩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና ልጃቸው በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እንደሚማር፣ ለፋሲካ መጥቶ «ትንሽ ነገር እንዳስተካከለላቸው» ነገሩኝ። ታስክ ሼጁለር የሚባለውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በቀጠሮ የሚሠራቸው ሥራዎች የሚመዘገቡበትን ቦታ ስከፍተው «አባባ ሲተኛ» የሚል ስም የተሰጠው ትእዛዝ አገኘሁ። መምህሩ ስሙን ሲያዩ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ለካ ባለቤታቸው፣ ጋሼ ማታ ማታ ኮምፒውተሩን ከፍተው ወንበር ላይ እንቅልፍ ስለሚወስዳቸውና ዕቃው እስከ ንጋት ሲያጉረመርም ስለሚያድር፣ «ይኼን ነገር ራሱ እንዲጠፋ አድርግልኝ» ብለው ልጁን አዝዘውት ኖሯል።

የእናትየዋ ጥያቄ ትክክለኛ ነው። ሥራ ሳይሠራ የበራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ በአሥሮች በሚቆጠር ዋት መጠቀሙን አያቆምም፤ በክረምት ደግሞ መብረቅ ሲበዛ ሌሊቱን ሁሉ ተሰክቶ በርቶ ማደሩ አይደገፍም። ልጁም የሠራው በግዴለሽነት አልነበረም። በስልክ ሳገኘው «ወንድሜ፣ እኔ እኮ አንድ ሰዓት ሙሉ ካልተነካ ብዬ ነው የሞላሁት» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ሥራ ፈት የሚቆይበት ጊዜ በሚለው ሣጥን ውስጥ አንድ ሰዓት ተብሎ ተሞልቷል። ታዲያ ለምን ጋሼ ቁጭ ብለው እየሠሩ ጠፋ?

ጉዳዩ ያለው ኮምፒውተር ሥራ ፈትነትን በሚለካበት መንገድ ላይ ነው። ዊንዶውስ የሚያየው ኪቦርዱና ማውሱ መነካታቸውን፣ ከዚያም ፕሮሰሰሩና ሃርድ ዲስኩ ሥራ ላይ መሆናቸውን ነው። መምህሩ ደግሞ የቆየ የሥራ ልማድ አላቸው፤ የእያንዳንዱን ተማሪ የፈተናና የአሳይመንት ውጤት በማርክ ሊስቱ ላይ በእስክርቢቶ ደምረው፣ ደግመው አረጋግጠው፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኤክሴል የሚያስገቡት። እሳቸው በሙሉ ሐሳባቸው በሥራ ላይ ባሉበት በዚያ ጊዜ ኮምፒውተሩ ከፊቱ ማንም የለም ብሎ ይደመድማል። በሣጥኑ ውስጥ የተሞላው አንድ ሰዓትም ሊያድናቸው አልቻለም፤ ምክንያቱም ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ያ ሣጥን በገጹ ላይ ይታያል እንጂ አይሠራበትም፤ የተጠቃሚውን አለመኖር የሚወስነው የዊንዶውስ የኃይል አስተዳደር ሲሆን፣ መነሻው 4 ደቂቃ ያህል ኪቦርድና ማውስ አለመነካታቸው ነው። ሣጥኑን እዚያው ትተው ሥራውን የነጠቁት ሰዎች ምን አስበው እንደሆነ እነሱ ይወቁት። የሚገርመው ደግሞ ፀረ ቫይረሱ ፋይል ሲፈትሽ ወይም ዊንዶውስ አፕዴት ሲያወርድ ሃርድ ዲስኩ ሥራ ስለሚይዝ፣ ያን ጊዜ ጋሼ ረጅም ሰዓት ቢደምሩም ኮምፒውተሩ አይጠፋም። አንዳንድ ቀን ጠፍቶ አንዳንድ ቀን አለመጥፋቱ ነው ቀዳሚውን ባለሙያ ወደ ፓወር ሰፕላይ የመራው።

ትእዛዙ ኮምፒውተሩን ከማጥፋቱ በፊት የ60 ሰከንድ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን ዐይናቸው ወረቀት ላይ ላለ ሰው ስክሪን ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ምን ይጠቅማል? አንድ ጊዜ አይተውት ማውሱን ቢያንቀሳቅሱም ከመጥፋት እንዳልተመለሰ ነገሩኝ፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። ቆጠራው አንዴ ከተጀመረ የሚሰረዘው በሌላ ትእዛዝ እንጂ ሰው በመመለሱ አይደለም። ልጁ «ፕሮግራሞችን በግድ ዝጋ» የምትለዋን ምልክት ጭምር ስለጨመረባት ኤክሴል «ላስቀምጠው ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ፋታ አላገኘም። ምልክቷን ብቻ አውጥቼ ልተወው እንዳልል፣ ማጥፊያው ከዜሮ የሚበልጥ የመጠበቂያ ጊዜ ሲሰጠው በግድ መዝጋቱን ራሱ ይጨምርበታል። ከጠፋው ውጤት ውስጥ የተወሰነው ኤክሴል በየ10 ደቂቃው ለራሱ ከሚይዘው ቅጂ ተመለሰ፤ የቀረውን መምህሩ ከማርክ ሊስቱ እንደገና አስገቡት። በወረቀት የመደመር ልማዳቸው ለኮምፒውተሩ መጥፋት ምክንያት የመሆኑን ያህል ለውጤቱም መትረፍ ምክንያት ሆነ።

«አባባ ሲተኛ» የተባለውን ትእዛዝ ከሰረዝሁ በኋላ የእናትየዋ ጥያቄ ሳይመለስ መቅረት ስላልነበረበት ሃይበርኔት የሚባለውን አበራሁላቸው። ብዙ ሰው ስሊፕ የሚለውን ይመርጣል፤ ስሊፕ ግን የተከፈተውን ሥራ በሚሞሪ ላይ ስለሚያቆየውና ሚሞሪ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ ምንም መያዝ ስለማይችል፣ መብራት ሲሄድ ሥራው አብሮ ይሄዳል። ሃይበርኔት በአንጻሩ በሚሞሪው ያለውን ሁሉ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፤ ሶኬቱ ቢነቀል እንኳ ጠዋት ሲበራ ኤክሴሉ በተተወበት ቦታ ይከፈታል። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ምርጫው ተደብቆ ስለሚገኝ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከትእዛዝ መስኮት ማብራት ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚያዘው ፋይል በዊንዶውስ 10 ከሚሞሪው መጠን 40 በመቶ ያህል ስለሚሆን፣ ሲ ድራይቩ ሞልቶ ከሆነ አስቀድሞ ቦታ ማስለቀቅ ይገባል። ስክሪኑ በ10 ደቂቃ እንዲጨልም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይነካ ሲቀር ሃይበርኔት እንዲገባ አደረግሁ። ይህ ሰዓት ከቅድሙ ሣጥን በተለየ የተሞላለትን ያከብራል።

«ታዲያ አሁን ጠፍቷል ነው የምንለው ወይስ ተኝቷል?» ሲሉ ጋሼ ጠየቁኝ። ለመብራት ቆጣሪው ጠፍቷል፣ ለእርስዎ ሥራ ግን ተኝቷል አልኋቸው።

መስከረም ላይ ለሌላ ጉዳይ ቤታቸው ስሄድ መዝገቡን ደግሜ ከፈትሁት። በሹትዳውን ማጥፊያ ስም የተጻፈ 1074 አንድም አልነበረም። 41 ግን በክረምቱ ጥቂት ጊዜ ተመዝግቧል፤ እነዚህ በእርግጥም ጋሼ እየሠሩ መብራት የሄደባቸው ጊዜያት ናቸው። ዩፒኤሱ ገና ከካርቶኑ እንዳልወጣ ያወቅሁትም ያን ዕለት ነው፤ «ጥፋቱ የልጄ ከሆነ እሱ ምን ይሠራል ብዬ ነዋ» አሉኝ። አውጥቼ ሲስተም ዩኒቱንና ስክሪኑን ሰካሁበት፤ ፕሪንተሩን ግን ከግድግዳው ሶኬት ጋር ተውሁት።