ስም ሳይወጣለት ያደገው ራዳር

ፊሊክስቶው ፌሪ ላይ ትንሽ ጀልባ ተሳፍሬ የዴብን ወንዝን ተሻገርኩ። ወንዙ እዚያው ባሕር ስለሚገባ ጉዞው አጭር ነው። ማዶው ባውድዚ ነው፤ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ ውስጥ። የራዳርን፣ ማለትም ሩቅ ያለን ነገር በሬዲዮ ሞገድ የሚያገኘውን መሣሪያ፣ ታሪክ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

ከወንዙ ዳር ቀይ ጡብ ለብሶ የቆመው ትልቅ ቤት ባውድዚ ማነር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1936 የእንግሊዝ የአየር ሚኒስቴር ገዛውና የሬዲዮ ተመራማሪው ሮበርት ዋትሰን-ዋት ከባልደረቦቹ ጋር ገባበት። ነገሩ የተጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። ሚኒስቴሩ መጀመሪያ የጠየቀው የጠላትን አብራሪ በጨረር መግደል ይቻል እንደሆነ ነበር። የዋትሰን-ዋት ረዳት አርኖልድ ዊልኪንስ ቁጭ ብሎ አሰላው። የሚያስፈልገው ኃይል የማይሞከር ሆነ። ነገር ግን አውሮፕላን ሲያልፍ የሬዲዮ ሞገድ እንደሚረበሽ ትዝ አለው። መግደሉ ይቅር፣ የት እንዳለ ማወቅስ? ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1935 ዳቬንትሪ አጠገብ ሞከሩት። ቢቢሲ ከሚያሠራጨው ሞገድ መሀል ሄይፎርድ የተባለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በረረ፣ መሣሪያቸውም አየው።

ባውድዚ ላይ የማሠራጫው የኮንክሪት ሕንፃ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። 110 ሜትር ገደማ ይረዝሙ የነበሩት የብረት ማማዎች የሉም። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2000 ፈርሷል። ያሳዝናል፤ አንዱ እንኳ ቢቀር ጥሩ ነበር።

እኔ ብዙ የቆየሁት ግን ርቀቱ እንዴት ይነበብ እንደነበር በማሰብ ነው። ማሠራጫው አጭር የሬዲዮ ምት ይልካል። ምቱ አውሮፕላን ሲመታ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ማሚቶው በአንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ከተመለሰ ደርሶ መልሱ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውሮፕላኑ 150 ኪሎ ሜትር ላይ አለ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የምታነበው የመቀበያው መሣሪያ መስታወት ላይ ካለች አንዲት አግድም የብርሃን መስመር ላይ ነበር። ማሚቶ ሲመጣ መስመሩ ወደ ታች ሰርጎድ ይላል። የሰረጎደበት ቦታ ርቀቱን ይናገራል። በጦርነቱ ጊዜ መስመሩ ላይ ዓይናቸውን ተክለው የሚያድሩት ብዙዎቹ የአየር ኃይሉ የሴቶች ረዳት ጓድ ወጣቶች ነበሩ። ለእነሱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

ያኔ ታዲያ እዚህ ራዳር የሚል ቃል አልነበረም። እንግሊዞቹ አርዲኤፍ ነበር የሚሉት። ሆን ተብሎ የወጣ ስም ነው። ሰሚው የቆየውን የሬዲዮ አቅጣጫ መፈለጊያ (ሬዲዮ ዳይሬክሽን ፋይንዲንግ) መስሎት እንዲያልፍ ነው። የሚገርመው፣ አቅጣጫ መለየቱ መጀመሪያ ላይ የመሣሪያው ደካማ ጎን ነበር። ጎበዝ የነበረው ርቀት ላይ ነው። ስሙ ዋናውን ነገር ደበቀ ማለት ነው።

ራዳር የሚለውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። ሬዲዮ ዲቴክሽን ኤንድ ሬንጂንግ ከሚለው ተቆንጥሮ የወጣ ነው፤ በሬዲዮ ማግኘትና ርቀትን መለካት እንደማለት። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1943 አርዲኤፍን ትተው ይህንኑ ተቀበሉ። ደግ አደረጉ እላለሁ። ከስሙ ውስጥ ለእኔ የምትበልጠው ሬንጂንግን የያዘችው የመጨረሻዋ አር ናት።

ለምን? ጀርመናዊው ክሪስቲያን ሁልስማየር እ.ኤ.አ. በ1904 ኮሎኝ ከተማ፣ ራይን ወንዝ ላይ መርከብን በሬዲዮ ሞገድ አግኝቶ አሳይቶ ነበር። መሣሪያው መርከብ መኖሩን ይናገራል፤ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን በቀጥታ መለካት አይችልም። ገዢም አላገኘም። ከባውድዚ ስመለስ ቀጣዩን ጉዞዬን ወደዚያው ወደ ራይን ዳርቻ ለማድረግ ወስኛለሁ።