ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ስሻገር

ስልክ መቀየር ለእኔ ከባድ ነገር ሆኖ አያውቅም ነበር። ከአንድ አንድሮይድ ወደ ሌላው ስሸጋገር ሲሜን ነቅዬ እሰካለሁ፣ ሜሞሪ ካርዱን አዛውራለሁ፣ የጉግል አካውንቴን አስገባለሁ፤ ጠዋት የገዛሁትን ስልክ ከሰዓት በኋላ የኖርኩበት ያህል እለምደዋለሁ። ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በሰው እጅ የላከችልኝን አይፎን 14 መጠቀም ስጀምር ግን፣ ለዓመታት የራሴ ነው ብዬ የማስበው ብዙ ነገር የእኔ ሳይሆን የስርዓተ ክወናው፣ ማለትም ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም እንደነበረ ገባኝ።

እህቴ ለምን እንደላከችልኝ አውቃለሁ። እዚያ ያሉት ዘመዶቻችን የሚጻጻፉት በአይሜሴጅ፣ አንድሮይድ ላይ በሌለው የአፕል የመልእክት መላኪያ ነው፤ የአይፎን ባለቤት የላከላቸው በሰማያዊ፣ እኔ የምልከው ደግሞ በአረንጓዴ ይታያቸዋል። እኛ አዲስ አበባ ላይ ሁሉን ነገር በቴሌግራም ስለምንጨርሰው፣ ሰው በቀለም ሊቆጠር እንደሚችል አስቤውም አላውቅ። ነገሩ ግን በአጋጣሚ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአይፎን ሠሪው አፕልና የጌም ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲካሰሱ ይፋ ከወጡት ኢሜይሎች በአንዱ፣ የአፕል ከፍተኛ ኃላፊ የሆኑት ክሬግ ፌደሪጊ፣ አይሜሴጅን ለአንድሮይድ መሥራት አይፎን የያዙ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው አንድሮይድ እንዳይገዙ የሚያደርገውን እንቅፋት ከማንሳት ያለፈ ጥቅም የለውም የሚል ሐሳብ አስፍረው ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ እህቴን መውቀስ አቆምኩ።

የመጀመሪያው ችግር ሲም ነበር። የሲም ማውጫውን ፒን ይዤ የስልኩን ጠርዝ ዙሪያውን ብፈልግ ቀዳዳ የሚባል አጣሁ። ሰፈር ያለው ስልክ ጠጋኝ ልጅ ገና ሲያየው ሳቀና «የአሜሪካ ነው እኮ እህት፣ አትልፊ» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አይፎን 14 የሲም ማስገቢያ የለውም፤ የሚሠራው በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይኖረው ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው። ስለዚህ ተሰልፌ ዋናውን መስመሬን ወደ ኢሲም አስቀየርኩ፤ ሁለተኛውን ግን አሮጌው ስልክ ውስጥ ስለተውኩት፣ አንድ ስልክ ይበቃኛል ያልኩት ሴት አሁን ሁለት ስልክ ይዤ እዞራለሁ። ከሁሉ የከፋኝ ሌላው ነው፤ ድሮ ባትሪ ሲዘጋብኝ ሲሜን አውጥቼ የሰው ስልክ ላይ ሰክቼ እደውል ነበር፣ አሁን ግን ቁጥሬ አብሮ ይዘጋል።

ከዚያ ዋትስአፕ መጣ። ቴሌግራም ምንም አላስቸገረኝም፤ ቁጥሬን አስገብቼ የመጣልኝን ኮድ ስጽፍ፣ የዛሬ ስንት ዓመት ለራሴ የላክሁት ፋይል ሳይቀር ቦታው ላይ ጠበቀኝ። ይህ የሚሆነው ጽሑፎቻችን ኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጡ ነው፤ ተራዎቹ የቴሌግራም ንግግሮች ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠሩ ስላልሆኑ፣ ምቾቱ በነፃ የተገኘ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዋትስአፕ ግን ንግግሩን የሚያኖረው ስልኩ ላይ ነው፤ መጠባበቂያ ቅጂውን (ባክአፑን) ደግሞ በአንድሮይድ የጉግል የኢንተርኔት ማከማቻ በሆነው ጉግል ድራይቭ፣ በአይፎን የአፕል በሆነው አይክላውድ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ማንበብ አይችልም። ሪያድ ያለችው አክስቴ የላከችልኝ የድምፅ መልእክቶች በሙሉ እዚያ ውስጥ ስለነበሩ ትቼው መሄድ አልፈለግሁም።

መሻገሪያ አለ። «ሙቭ ቱ አይኦኤስ» የሚባለው መተግበሪያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ዋትስአፕን ማሻገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚቻለው አይፎኑ አዲስ ወይም ሁሉም ነገሩ የጠፋ ሆኖ፣ ገና መጀመሪያ ላይ ሲከፈት ብቻ ነው። እህቴ ደግሞ እንዳልቸገር አስባ ቋንቋውን፣ ሰዓቱን፣ የቤተሰብ ፎቶዎችን ሳይቀር አዘጋጅታ ነው የላከችው። ያን ሁሉ ደግነቷን አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ፤ እስካሁን አልነገርኳትም። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ መብራት እንዳይጠፋ እየተሳቀቅሁ፣ ምን ያህሉ እንደተሻገረ የሚያሳየው መስመር ስንዝር ስንዝር ሲሄድ አየሁ። የአክስቴ ድምፅ ተሻገረ። በጉግል ፕሌይ ከፍዬ የገዛኋቸው መተግበሪያዎች ግን አልተሻገሩም፤ ድጋሚ መግዛት ነው።

አውራ ጣቴ እስከ ዛሬ አልተሻገረም። በአንድሮይድ ወደ ኋላ ለመመለስ ከቀኝም ከግራም ጠርዝ ማንሸራተት ይቻል ነበር። በአይፎን ግን ስጀምር በአብዛኛው የሚሠራው የግራው ጠርዝ ብቻ ነበር፤ አለዚያ ከላይ በግራ ጥግ ያለችውን ትንሽ ቀስት መንካት ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስልክ የምይዘው በቀኝ እጄ ነው። ታክሲ ውስጥ በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ ለዚያች ቀስት ስንጠራራ ስልኩን ልጥለው የደረስኩበት ጊዜ አለ። የአማርኛ ኪቦርዱም እንዲሁ ነው። አሮጌው ከዓመታት ጽሑፌ ተምሮ የእናቴን ስም፣ የሰፈሬን ስም፣ ደጋግሜ የምጽፈውን «እግዚአብሔር ይመስገን» በሁለት ፊደል ያመጣልኝ ነበር። አዲሱ ምንም አያውቀኝም፤ ሙሉውን ፊደል በፊደል እጽፍለታለሁ።

ፎቶውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለቅጽ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ተነስቼ ማተሚያ ቤት ብልክ ኮምፒውተሩ አልከፍትም አለ። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጠው ሄይክ በሚባል ቦታ ቆጣቢ ፎርማት ሲሆን፣ ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች አያውቁትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማት ውስጥ ገብቶ ሁሉም ጋ የሚሠራውን መምረጥ ነው። ይህን የነገረኝ ወረፋ ላይ ከኋላዬ የቆመ ተማሪ ነው።

የባንክ መተግበሪያው በአካል ቅርንጫፍ ካልቀረብሽ አይከፈትም አለኝ፤ ለገንዘቤ ጥበቃ እስከሆነ ድረስ በዚህ አላማርርም።

ሌላው ሁሉ ግን ሕግ ቢኖር ሊቀልል ይችል እንደነበር አምናለሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ስልኮች ሁሉ በአንድ ዓይነት ገመድ ቻርጅ እንዲደረጉ ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይፎን 15 በታይፕ ሲ መጣ፤ የኅብረቱ መቀመጫ ብራስልስ የተወሰነው ነገር መርካቶ ያለውን ገመድ ሻጭ ሳይቀር ነካ። የእኔው 14 ለጥቂት አምልጦታልና ቢሮ ውስጥ ገመድ የምዋሰው አጥቻለሁ። ንግግርን፣ የተገዛ መተግበሪያንና የለመዱትን ቃላት ይዞ መውጣትንም እንደዚያ ግዴታ ማድረግ የሚከብድ አይመስለኝም።

ወደ አንድሮይድ ልመለስ ብልም መንገዱ ያው ነው። አይሜሴጅን አስቀድሜ ካላጠፋሁ የእህቴ መልእክቶች ሳይደርሱኝ መንገድ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ፤ አፕል ራሱ ቁጥርን ከአይሜሴጅ ማስወጫ ገጽ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2014 ይኸው ችግር ሰዎችን ካማረረ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ስልክ እስኪያረጅ የምቆይ ይመስለኛል። ካሜራውን ወድጄዋለሁ፣ እህቴም ደስ ብሏታል፤ የምቆየው ስለወደድኩት ይሁን መውጣቱ ስለሚያደክም ግን ለራሴም መለየት አቅቶኛል።