ሆሊውድና ሬዲዮ

ደብረ ብርሃን ዛሬ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ሻይ ቤት ተጠጋግተን ወሬው ተዋናዩ ደበበ እሸቱ ላይ ወደቀ። «ጋሽ ደበበ እኮ ሆሊውድ ሠርቷል» ስል አንዱ ወጣት ሳቀብኝ። እውነት ነው! በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ፊልም ከአሜሪካዊው ተዋናይ ሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ተውኗል። ቲያትር የተማረው ሃንጋሪ ነው። እስርም አልቀረለትም፤ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ታስሯል። ተዋናይነት ቀይ ምንጣፍ ብቻ የሚመስለው ካለ ይስማ።

ይሄኔ ጋቢ የደረቡ አንድ አባት ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ እኛ መንዝ ሳለን ቴሌቪዥን የት አይተን? የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ ነው የምናውቀው። ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰው ሥራ ይፈታ ነበር።»

እኔ በበኩሌ ከሆሊውዱ ይልቅ በዚህኛው ቀናሁ። ፊቱ ሳይታይ በድምፁ ብቻ! እናንተ ሰፈርስ ማን ነበር የሚደመጠው?