የክተት አዋጁና የጄኔቫው ንግግር፦ የስምንት ሳምንት የልምምድ ማስታወሻ

ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር በታሪካዊ ንግግሮች የተጀመረው ልምምድ ስምንተኛ ሳምንቱን ይዟል። የተመረጡት ንግግሮች ሁለት ናቸው። አንዱ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የታወጀው የአፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ነው። ሁለተኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ያሰሙት ንግግር ነው። የሁለቱም መነሻ የጣሊያን ወረራ ነው፤ አነጋገራቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ተመሳሳይ ሥራ ለያዛችሁ መምህራንና የክበብ ተጠሪዎች የሠራውንም ያልሠራውንም እናካፍላችሁ።

ከክተት አዋጁ እንጀምር። ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ምኒልክን መሆን ነው፤ ካባ፣ ዘውድ፣ የጎረነነ ድምፅ። ሕዝቡ ግን አዋጁን የሰማው ከንጉሡ አፍ ሳይሆን ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያና በአደባባይ ከሚጮኸው አዋጅ ነጋሪ ነው። ይህን ማወቅ አቀራረቡን ከሥር ይለውጠዋል። ነጋሪው ፊት ለፊት የቆመው የገበያ ግርግር ነው። ስለዚህ ቃሉ ዝግ ብሎ፣ ተለይቶ፣ ሩቅ ድረስ መድረስ አለበት። እጅ ማወናጨፍ አያስፈልግም። ነጋሪት ካልተገኘ በከበሮ አትተኩት፤ ከበሮ የማኅሌትና የዘፈን ነው፣ አድማጩን ወደ ሌላ ስሜት ይወስደዋል። ያለ ምንም ድምፅ መጀመር ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቃል መያዝ ክልክል ነው። በቃል ቶሎ የተያዘ ጽሑፍ ዜማ ይሆንና ከዚያ በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተሰጥቶት ስለ ምን እንደሚናገሩ አጣርቶ ይመጣል። «ያገሬን ከብት ማለቅ፣ የሰውን መድከም አይቼ እስካሁን ብታገሠው» የሚለው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ታሪኩን ያላወቀ ተማሪ «ከብት ማለቅ» የሚለውን እንደ ተራ ነገር ያልፈዋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን ያነበበ ግን እዚያ ላይ ሳይነገረው ይቆማል። የከብት እልቂቱ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የመጣ በሽታ ነበር፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ ሰው በረሃብ ረገፈ። በገበያው የቆመው አድማጭ ከዚያ መከራ የተረፈ ሰው ነው። ስሜት ጨምሩ እያልን ከምንጨቀጭቃቸው ይልቅ ይህን አንድ ገጽ ማስነበብ ብዙ እጥፍ ሠርቷል።

የቃላት ወጥመድም አለ። «ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ» የሚለውን ብዙዎቹ ማታ ማለት ይመስላቸዋል፤ ምሽት እዚህ ሚስት ናት። «ወስልተህ የቀረህ» ሲባል ከዘመቻ የሸሸ ነው እንጂ ዛሬ ወስላታ የምንለው አጭበርባሪ አይደለም። ጠላት «እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር» የሚለው ንጽጽር ፍልፈልን ያላየ የከተማ ልጅ አይገባውም፤ ከመሬት በታች ሳይታይ እየቆፈረ የሚገፋ እንስሳ መሆኑን አስረዱት። «የበደልሁህ» በ«የበደልኩህ» አይለወጥ። «ከተህ ላግኝህ» የሚለው ውስጥ «ተ» ይጠብቃል፤ ከላላ ክተት የሚለው ፍቺ ይጠፋል። «ማርያምን» ደግሞ መሐላ ነው። ከሚቀጥለው ጋር አያይዘው «ማርያምን ለዚህ» ብለው ሲሮጡ መሐላው ይቀልጣል። ከቃሉ ቀጥሎ ሁለት ሰከንድ ዝም ይበሉ፣ ከዚያ «ለዚህ አማላጅ የለኝም»።

ከሁሉ የከበደው ግን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ አፍራሹም እዚያው ተጣብቆ ነው የሚገኘው፦ «አላዝንም»፣ «አልሰጠውም»፣ «አልተውህም»። ተማሪው ትንፋሽ ሲያልቅበት ድምፁን እዚያው ላይ ይጥላል፤ አድማጭ «አገሬን አሳልፌ» የሚለውን ሰምቶ «አልሰጠውም» ሳይሰማ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ግሡን በቀይ አስምሩ፣ ከግሡ በፊት ትንሽ ትንፋሽ የሚሳብበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ አንድ ተማሪ በሜዳው ላይ 30 እርምጃ ርቆ ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም፤ ግሡ ያልደረሰው ጊዜ ሁሉ እጁን ያንሳ። ሦስት ቀን እንዲህ ከተደረገ በኋላ ለውጡ በስልክ በተቀዳው ድምፅ ላይ በግልጽ ይሰማል። አንድ ጥንቃቄ፦ የሜዳ ልምምድ ከ20 ደቂቃ አይብለጥ። ጩኸቱ ከጉሮሮ ከሆነ ድምፅ ይሰለላል፣ ማግስቱን ልምምድ የለም።

የአዋጁ ቃል 100ን ትንሽ ያልፋል። ሙሉው ከነዝምታው ሁለት ደቂቃ ግድም ይበቃዋል። ከአንድ ደቂቃ በታች የጨረሰ አንብቦ ሮጧል ማለት ነው። እርስ በርስ የማይስማሙ ቅጂዎች ስለሚዞሩ ቢያንስ ሁለቱን አስተያዩ፤ የቃላቱን ልዩነት ማነጻጸር ራሱ ጥሩ የታሪክ ትምህርት ነው።

ወደ ጄኔቫው ሲመጣ አዋጅ ነጋሪው ጠቅልሎ ይወጣል። እዚህ አዳራሽ አለ፣ ማይክሮፎን አለ፣ ከወረቀት የሚያነቡ ንጉሠ ነገሥት አሉ፣ ቋንቋው አማርኛ ነው። በሜዳ የሠለጠነ ልጅ እዚህም ይጮኻል፤ ይህ ትልቁ ስህተት ነው። ድምፁን ለመቀነስ አድማጩን ሁለት ሜትር ላይ አስቀምጡት። ጽሑፉን ስትመርጡ ከእንግሊዝኛ ተመልሶ የተተረጎመ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ዓረፍተ ነገሩ አፍ ላይ አልገባ ካለ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ንግግሩ ረጅም ስለሆነ ስለ መርዝ ጋዙ የሚናገረውን ክፍል ብቻ ወስደናል። ነገሩ እንደ ደረጃ ይወጣል፦ መጀመሪያ አስለቃሽ ጋዝ፣ ቀጥሎ በበርሜል የተጣለ የሰናፍጭ ጋዝ፣ በመጨረሻ በአውሮፕላን ላይ የተገጠመ መርጫ። አውሮፕላኖቹም ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው እንደመጡ ይነገራል። ተማሪው ሦስቱን ቁጥሮች በአንድ ትንፋሽ ካነበባቸው የዕቃ ዝርዝር ይሆናሉ። በእያንዳንዱ መካከል አንድ ሰከንድ ይተው፤ ድምፁን ከፍ አያድርግ፣ ይልቁንም ያረጋጋው። ዘግናኝነቱን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

መክፈቻው ከባድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መናገር ከመጀመራቸው በፊት የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው፤ እሳቸው ዝም ብለው ጠበቁ። ስለዚህ የዚህ ክፍል የመጀመሪያ ተግባር ዝምታ ነው። ሁለት ተማሪዎች ከኋላ ያፏጩ፣ ተናጋሪው 15 ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይቁም። እንደታየው አብዛኛው ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ፈገግ ይላል ወይም ወረቀቱን ያገላብጣል። እጁን በጠረጴዛው ላይ እንዲያሳርፍና ዓይኑን የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲተክል ስናደርግ ይህ ቀነሰ።

አሁን የቀረው የመዝጊያው ጥያቄ ነው፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ የሚለው። ተማሪዎቹ ጥያቄውን ጨርሰው ወዲያው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይወርዳሉ፣ አዳራሹም ያጨበጭባል። ለሚቀጥለው ሳምንት የተያዘው ሙከራ ይህ ነው፦ ወረቀቱ አይታጠፍ፣ ዓይን ከአድማጭ አይነሳ፣ እስከ አምስት ተቆጥሮ ነው ከመድረክ የሚወረደው።